ኤርባግ ላይ የተለጠፈ የሶፍት ሳጥን

የአጎቴ ባለቤት እትዬ አስካለ ዛሬ አፍንጫቸው የተሰበረው በሶፍት ሳጥን ነው! አዎ፣ በሶፍት ሳጥን።

ጠዋት ከቁስቋም ስንወርድ አጎቴ የቆመ ፒካፕ ገጩ። ኤርባጉ ሲፈነዳ፣ አጎቴ ለጌጥ ብለው ዳሽቦርዱ ላይ፣ የኤርባጉ ክዳን ላይ የለጠፉት የእንጨት የሶፍት ሳጥን ተስፈንጥሮ እትዬ ፊት ላይ አረፈ።

(ሳጥኑማ ምንም አልሆነም።)

ኤርባግ እኮ ግጭት ሲሰማው ዓይናችሁ እስኪርገበገብ አይጠብቅም፤ በጋዝ ተነፍቶ ይወጣል! ላዩ ላይ የለጠፋችሁትን ይዞ ነው የሚመጣው። ቀበቶ ካላሰራችሁ ደግሞ ገና ሲፈነዳ ራሳችሁ ሄዳችሁ ትላተሙበታላችሁ።

ሆስፒታል በር ላይ አጎቴ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በደርግ ጊዜ ውይይት ታክሲ ስነዳ ኤርባግ ነበር እንዴ? ማን ሞተብኝ?»

«ጋሼ፣ ያኔ ሳጥንዎን የሚተኩስ ነገር አልነበረማ!»

የእናንተ ዳሽቦርድ ላይስ ምን ተለጥፏል? መጀመሪያ ንቀሉት፣ ከዚያ ጻፉልኝ።