ባለቤቱን ካልናቁ

እኔን ያሳሰረኝ አንድ ተረት ነው። ሌላው ሰው በጠመንጃ፣ በበራሪ ወረቀት፣ በፓርቲ ይታሰራል። እኔ ግን ልጅ አዋቂው በሚያወራው፣ ከማስተምርበት የአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ በማይጠፋ ተረት ገባሁ።

ፖሊሶቹ ከክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ነው መምህር፤ አሁን ይመለሳሉ» አሉኝ። እኔም አመንኳቸውና ጠመኔውን ኪሴ ከተትኩት። ሰሌዳው ላይ ያልጨረስኩት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አሁንም የጥጥ ብናኝ ተሰግስጓል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች ነው። የጋምቤላ ፀሐይ ገና ረፋዱ ላይ ቆርቆሮውን ታንጣጣዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም። የላብና የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ፤ በሩ አጠገብ ከባሮ ወንዝ የተቀዳ ውሃ በጄሪካን፣ ከጎኑ አንድ ጣሳ። ማዶ አንድ ረጅም ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ።

«መምህር፣ አንቺም መጣሽ?» አለኝ።

በድምፁ አወቅኩት። አኙዋ ነው፤ ለብዙ ዓመት የከተማው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ማንበብና መጻፉን ቶሎ ያዘው። አንተንና አንቺን ግን እስከ መጨረሻው አልለየም፤ በራሱ ቋንቋ ወንድና ሴት በአንድ ቃል ስለሚጠሩ የእኛ ነገር ትርፍ ድካም ይመስለው ነበር። ያኔ በየቀኑ አርመዋለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማረሙን ተውኩት።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልናገር።

ክልሉ ክልል የሆነው በቅርቡ ነበር። አዲስ ባንዲራ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ወንበር። እኔ ደገኛ ብሆንም ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ያ አገር ስንት ዘመን በሩቅ ሰው ሲታዘዝ እንደኖረ አውቃለሁና። በየስብሰባው የማይቀር ቃል «ባለቤት» ነበር። «ከእንግዲህ የዚህ ክልል ባለቤት እናንተ ናችሁ» ይሉናል፤ እናጨበጭባለን።

ባለቤት በሆንን ማግስት መጀመሪያ ያጣነው ውሃውን ነው። «ነፃ ገበያ መጥቷል፤ መንግሥት ቧንቧ ሲፈታና ሲያጠብቅ አይውልም» ተባለና የፓምፑ ሥራ ከአዲስ አበባ ለመጣ አንድ ድርጅት በኮንትራት ተሰጠ። የድሮዎቹ ሠራተኞች «ተቀናሽ» ተባሉ። ያ ቃል በዚያን ዘመን የስንቱን ቤት እንደዘጋ የደረሰበት ያውቀዋል። ድርጅቱ አሮጌውን ሞተር ፈታትቶ ወሰደ። ከዚያ አንድ ግቢ ተከራይቶ በአዲስ ቆርቆሮ አጠረው፤ «አዲሱ ፓምፕ እዚህ ውስጥ ነው፤ በቅርቡ ይተከላል» ተባልን። የድርጅቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ አልታዩም። ቧንቧው ደረቀ።

ጨው ሲወደድ ችለናል፤ ደመወዝ ሲዘገይም ችለናል። ውሃ ግን አይቻልም። ሴቶቹ ጄሪካን እያንጠለጠሉ ወደ ባሮ መውረድ ጀመሩ። የዚህ ሰው ሚስትም ወረደች፤ አዞ ወሰዳት። ቢጫ ጄሪካኗ ድልድዩ ሥር ሲንሳፈፍ ተገኘ። እሷ አልተገኘችም።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ኃላፊ ተነሥቶ «በውሃ እጥረት ምክንያት በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» አለ። አዳራሹ ዝም አለ። ሚስቴ ከቤት ስወጣ «ዝም አይነቅዝም» ብላኝ ነበር፤ እሷን ረስቼ እጄን አወጣሁ። «ድርጅቱ የሚቀልድብን ስለናቀን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አልኩ። ተጨበጨበ። ባለቤት ያልኩት ሕዝቡን ነው፤ ንብረታችሁ የተደፈረው እናንተ ስለተናቃችሁ ነው ለማለት። ደህና ተናገርኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ይህ ሰው ከኋላ ወንበር ተነሣና ወጣ። በዚያ ፀሐይ እስከ ድርጅቱ ግቢ በእግሩ ሄደ። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አንዱ ቆርቆሮ ወደቀ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሰው ተሰበሰበ። ከአጥሩ በስተጀርባ ፓምፕ የለም፤ ቧንቧ የለም። ያለው ሣር ነው፤ ሣሩን የምትግጥ አንዲት ፍየል ነበረች። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ እየገባ ባዶውን ግቢ አየ።

እሱ አጥር በማፍረስ ታሰረ፤ እኔ በማነሣሣት። ኃላፊዎቹን ያስቆጣቸው ግን አጥሩ አይመስለኝም፤ ፍየሏ መታየቷ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ይህ ሰው ኃይለኛ አይደለም። ከሥራ ሲቀነስ አልተናገረም፤ ሚስቱ ስትሞት አልጮኸም። ታዲያ በእኔ ተረት ምን ነካው? ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

ሌላም ነገር አስጨነቀኝ። ሰውዬው ውሃ አይጠጣም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በጣሳው ቀድቼ አቀረብኩለት፤ በእጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ መለሰልኝ።

«ባሮ ነው» አለኝ።

«ሌላ ውሃ እኮ የለም።»

«ሚስቴ ባሮ ውስጥ ነው። እንዴት አድርጌ እጠጣለሁ?»

ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። እኔም በዚያ ሙቀት ጠምቶኛል፤ ፊት ለፊቱ መጠጣት ግን አቃተኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደ ሌባ ጠጣሁ። ሻይ ሲመጣ አይነካም፤ ሻዩም ከባሮ ነው። በዚያ ቆላ ሰው እንዲህ ሆኖ ብዙ አይቆይም።

በማግስቱ ዘበኛው በሩን ከፈተና «መምህር፣ ባለቤትዎ መጥተዋል» አለኝ።

ሰውዬው ድንገት ቀና አለ። እኔን ሳይሆን በሩን አየ። ከዚያ አንገቱን መልሶ ደፋ።

«የእኔ ባለቤት አልመጣም» አለ፤ ለማንም አልነበረም።

ደጃፉ ላይ ሚስቴ ማንጎ በፌስታል ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ስንቴ ነገርኩህ» አለችኝ። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የሰውዬው ቃል ቀርቶ ነበር። ባለቤት! ለካ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። «ሚስቴ ከማለት ባለቤቴ ማለት ያስከብራል» ብዬ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሁለት ጊዜ አስደግሜ። ሌላውን ትርጉም መቼም አልነገርኩትም።

ማንጎውን ይዤ ተመለስኩ። ያንን በላ፤ ፍሬውን እስኪነጣ መጠጠው። ከዚያ ራሱ ጀመረ።

«መምህር፣ ስብሰባው ላይ ሁሉም ሰው ዝም አለ። ባለሥልጣኑ ጉዳት የለም አለ። አንቺ ብቻ ተናገርሽ። ሚስቱን ባይንቁ አጥሩ አይነቀነቅም አልሽ። እኔ ሰማሁ። ሚስቴን ንቀዋል። ስለዚህ ሄጄ ነቀነቅሁ።»

ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ።

«ስለ እሱ ነው የተናገርሽው፤ አይደለም?»

እውነቱን ለመናገር፣ እሷን አላሰብኳትም ነበር። እኔ በአዳራሹ የቆምኩት ስለ ኮንትራቱ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ባዶው ቧንቧ ተቆጥቼ ነው። ሆኖም በዚያ አዳራሽ የነበርን ሁላችን በእኔ አፍ ስለ እሷ ሰምተናል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አለ፤ ከእሷ የቀረውም ይኸው ነው። «አዎ፣ ስለ እሷ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንን አንድ ላይ ጠሩን። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ለእሱ አልሰጠውም።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለኝ። «ባለቤት ሲሉ የንብረት ባለቤት ማለትዎ ነው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄ ሰውዬ አማርኛው ስለማይገባው ነው የተሳሳተው። ይህችን ብቻ ይበሉልኝና ወደ ተማሪዎችዎ ይሂዱ።»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ልክ የሆነ ነገር «ልክ ነው» ማለት እንዲህ አቅቶኝ አያውቅም። ሰሌዳው ላይ የቀረው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ፤ የሚስቴ ያበጠ ዓይን ትዝ አለኝ። ሰውዬው ቆሞ ያየኛል። አልፈራም፤ አልለመነኝም። መልሱን ጽፎ እንደጨረሰ ተማሪ ነው የሚያየኝ።

«አልተሳሳተም» አልኩ። «ባለቤቱን ያልኩት ሚስቱን ነው። ባሮ የወሰዳትን።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚህ ስለ ሚስት የተነሣ ጉዳይ የለም። በውሃ ምክንያት የሞተ ሰውም የለም።»

«አለ» አለው ሰውዬው። «አንቺ ጻፊው። ስሙን እነግርሻለሁ።»

መርማሪው ሳቀ። በአንቺታው ነው የሳቀው። ካደረገው ሁሉ ያ ሳቅ ብቻ ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት። አልጻፈውም። «መልሷቸው» አለ።

ክፍላችን ስንገባ ሰውዬው እንደ ወትሮው አልተቀመጠም። ግድግዳውን በመዳፉ ጠራረገ። እጄን ኪሴ ስከት ጠመኔው አለ፤ ፈታሾቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበር። ሰጠሁት። ልጻፍልህ ልል ነበር፤ ተውኩት። ራሱ ጻፈው። እኔ ባስቆጠርኩት ፊደል፣ በትልልቁ፣ ቀስ እያለ የሚስቱን ስም ጻፈ። አንዱን ፊደል ሳተ። አላረምኩም።

ራቅ ብሎ አየው። ከዚያ ጄሪካኑ ጋ ሄዶ በጣሳው ቀዳና ቆሞ፣ ዓይኑን ከስሙ ላይ ሳይነቅል ጠጣ። ግማሹን ሲጨርስ ጣሳውን ለእኔ አቀበለኝ። በዚያ ክፍል ፊቴን ሳላዞር ውሃ የጠጣሁት ያን ጊዜ ነው። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ዘበኛው ባልዲውን ሊያስወጣን ሲመጣ ግድግዳውን አየ። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ።

«ባለቤቴ ነው» አለው።

ዘበኛው ስሙን አንድ ጊዜ አነበበው። እንድናጠፋው አላዘዘንም። በሩን ከሌላው ቀን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እኔ የተፈታሁት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ «ተቀናሽ» ሆኛለሁ። እሱን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወስደውት ነበር። ጠይቄ ጠይቄ አንዱ ሞቷል አለኝ፤ ሌላው ፑኝዶ ገበያ አየሁት አለኝ። ፑኝዶ ድረስ ሄጃለሁ። አላገኘሁትም።

ከፍ ወዳለው የጫካ አገር፣ ወደ መቲ ወጣን። ብርድ የማይወዱ አጥንቶቼ ቢያጉረመርሙም እዚህ ጫካው ደግ ነው፤ ውሃው ከምንጭ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ቀጠረኝና እስከ ጡረታዬ እዚሁ አስተማርኩ። ለጉዳይ ጋምቤላ ስወርድ በዚያ ግቢ በኩል አልፋለሁ። እንደገና ታጥሯል። ከውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። በየስብሰባው ዛሬም ባለቤቶቹ እኛ ነን።

የሰፈር ልጆች የአማርኛ የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ። ያ ተረት አሁንም መጽሐፉ ውስጥ አለ። መጀመሪያ የመጽሐፉን ፍቺ እነግራቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ የሚጠየቁት እሱን ነውና። ቀጥዬ ሌላ ፍቺ እንዳለው እነግራቸዋለሁ። «ባለቤቱ ማን ነው?» ይሉኛል። ዘመዶቿ አሁንም እዚያው ስላሉ በዚህ ወረቀት ላይ ስሟን አላሰፍርም። ለልጆቹ ግን እነግራቸዋለሁ፤ ያችን አንድ ፊደል እሱ እንደሳታት አድርጌ።