በጋሽ መኩሪያ ላይ የወረወርኩት መወርወሪያ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ልናዘዝ ሄጄ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመለስኩ! ለእናንተ ግን ልናገር። ጋሽ መኩሪያ ላይ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። አትላንታ ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ፣ ከማሪዬታ ወዲያ ባለ አሮጌ መንደር ጎብኚ አስጎበኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች ከግንድ የሠሯቸው ቤቶች እንደነበሩ ተጠብቀው የሚታዩበት መንደር ነው። ጋሽ መኩሪያን በጽዳት ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስረው እንደነበር አውቃለሁ። ሲተኙ እንኳ በራቸውን ገርበብ አድርገው እንደሚተኙ አውቃለሁ።

ጎብኚዎች ከሁሉ የሚወዱት እስር ቤቱን ነበር። ግድግዳው ድርብ ግንድ ነው፤ እስረኛ በመጋዝ እንዳይቆርጠው በመካከሉ ድንጋይ ተሞልቷል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ። አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ሳስረዳ፣ ጋሽ መኩሪያ ውስጥ እየጠረጉ ነበር። በሩን ገፋሁና መወርወሪያውን ከውጭ ወረወርኩት። ለምን? ፈረንጆቹ እንዲስቁልኝ። ሳቁልኝም።

«ልጄ፣ ክፈት!» አሉ በሩን እየመቱ። ቀጥሎ ድምፃቸው ተለወጠ። «ጌቶቼ፣ የማውቀውን ሁሉ ተናግሬያለሁ! ጌቶቼ!»

ጎብኚዎቹ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። አማርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ታዲያ ከፈትኩ? አልከፈትኩም። ስለ ጣሪያው አሠራር የቀረኝን ገለጻ ጨረስኩ።

ከፍቼላቸው ሲወጡ ሱሪያቸው ርሶ ነበር።

«በሩን ማን ዘጋው?» አሉኝ።

«ነፋስ ነው፣ ጋሼ።»

«ነፋስ መወርወሪያ አይወረውርም፣ ልጄ።»

ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጥረጊያቸውን አነሱ።

ሥራ የምሄደው በእሳቸው መኪና ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለው አፓርታማዬ ፊት ለፊት እንደወትሮው ፓርክ አድርገው ክላክስ ነፉ። ቆይተው ደገሙ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። ሞተሩ ተነስቶ እስኪርቅ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ወደዚያ ሥራ አልተመለስኩም። እሳቸውም ኋላ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ እዚያው ማረፋቸውን ሰማሁ።

ልጅነት ነው ብዬ አላመካኝም። እናንተም ይፍታህ አትበሉኝ። እሳቸው በሬ ድረስ መጥተው ጠብቀውኝ ነበር፤ ለእኔ የቀረኝ ደረጃውን መውረድ ብቻ ነበር።