ለዝክር ብዬ ያመጣኋት ልጅ

አጎቴ በልጆች ፊት ቆመው ሲናገሩ ደስ ይላሉ። ደባርቅ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ልጆች ራሳቸውን ከጥቃት እንዴት እንደሚጠብቁ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የወር ደመወዝ የምበላበት ሥራዬ ነው። እሳቸው ደግሞ የቀበሌው የሕፃናት ጥበቃ ኮሚቴ አባል ስለሆኑ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው አብረውኝ ይመጣሉ። እኔ በሰሌዳና በሥዕል ግማሽ ሰዓት የደከምኩበትን እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል። «ልጆቼ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ በማይገባ የሚነካችሁ ሰው ቢኖር ዝም አትበሉ። ለዚህ ነገር ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ሕግ ነው የሚቀመጠው» ይላሉ። አስታራቂነታቸው እስከ ዳባት የታወቀ ሽማግሌ እንዲህ ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እኔም አምናቸው ነበር። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች። ወላጆቿ ከሊማሊሞ በታች ያሉ ገበሬዎች ናቸው። እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ዱቄትና ሽሮ አባቷ ያመጣላታል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አይደለም። «ቲቸር፣ ሽማግሌ አይቀመጥም ያሉት እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ። አከራይዋ ትርፍ ቁልፍ አለው፤ እየከፈተ ይገባባታል።

የሚደረገውን ሁሉ አደረግን። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ፖሊስ ቃሏን ተቀበለ፣ ሰውየው ታስሮ በዋስ ወጣ። እሷ ወደዚያ ክፍል መመለስ ስለማትችል ዳባት አንዲት ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ አስቀመጥኳት። ሴትየዋ እንዲህ ያለ ችግር የደረሰባቸውን ልጆች በፈቃዷ የምታስጠጋ ናት። ከልጇ ጋር አስተኛቻት፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻትም። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጅቷ ፍርድ ቤት ቀርባ መናገሯ። ከተናገረች ሰውየው ይፈረድበታል፤ ካልተናገረች ቤቱ ገብቶ ለሌላ ተማሪ ያከራያል። ያለችበትን ቤት ከፖሊስና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ለአጎቴ እንኳ ዳባት ናት ብቻ ነው ያልኳቸው፤ የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸውን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩላቸው።

አጎቴ ደወሉልኝ። «የሚካኤል ዝክሬ ነው። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፤ ብቻዋን ተዘግታ ከምትውል ጠበል ትቅመስ፣ ከሰው ትቀላቀል» አሉኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ከዳባት ሚኒባስ ይዘን ስንመጣ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አወራችኝ። ሒሳብ እንደምትወድ ነገረችኝ። ረዳቱ አንዷን ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ጠይቆ ሲሰደብ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ስንደርስ ልጅቷን ሳሎን አስቀምጠው እኔን ወደ ጓዳ ላኩኝ፤ የቤት ልጅ ነኝና ዳቦውን ማቅረብ የእኔ ነው። ትሪውን ይዤ ስመለስ ወሬው ሁሉ ጠፍቷል። የልጅቷ አባት ከአጎቴ የነፍስ አባት አጠገብ ተቀምጧል። መምጣቱን አላወቅኩም። አከራዩ የበሩ ደፍ ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

የእኛ አገር ሰው ይህንን ሲያይ ምን እንደተደገሰለት ያውቃል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ፣ ሽማግሌዎቹም በታቦት ስም ከተነሡ፣ እምቢ ያለው ሰው ነው በደለኛ የሚሆነው። አባትየው ድንጋዩን አየ፣ ቄሱን አየ፣ ልጁን አላየም።

«ስለ ሚካኤል ብለህ» አሉ አጎቴ ብድግ ብለው። ሁሉም ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሕግ የያዘው ነገር ነው» አልኩ። ትሪው እጄ ላይ ነው።

«እንግዳ አለ፤ ዳቦውን አስቀምጪ» አሉኝ።

አባትየው «ይቅር ለእግዜር» አለ። ድንጋዩን አወረዱለት። በዚህ ቢበቃቸው ምን ነበረበት? አጎቴ ወደ ልጅቷ ዞረው በዚያ ለተማሪዎች በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ አንቺም በይ» አሏት። ተነሥታ ቆመች። «ይቅር ለእግዜር» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቋት።

አጎቴን ግቢ ውስጥ ያዝኳቸው። «የልጅቷ አባት ጠብመንጃውን ወልውሎ ነበር» አሉኝ። «ሰውየውን ይገድላል፣ የሰውየው ወንድሞች እሱን ይገድላሉ። ቀብር ነው ያስቀረሁት። አንቺ ይኼን አታውቂውም።»

«ልጅቷስ?»

«ታገባለች፤ ትረሳዋለች። ፍርድ ቤት ቆማ ስሟ ቢጠራ ይሻላት ነበር?»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታመጫት ነበር?» አሉኝ። ሲሉት አልተቆጡም። እንደ ልጅነቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ እንግዶቻቸው ገቡ።

ስለ ደሙ የነገሩኝ ውሸት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያ አላበረደኝም። የተናደድኩት ልጅቷ ያለችበትን ቤት ማንም ሳይነግራቸው፣ ፈልገውም ሳይደክሙ፣ በእኔ እጅ ስላስመጧት ነው። በዚያች ከተማ ካለ ሰው ሁሉ እኔን የመረጡት እሷ የምታምነው እኔን ስለሆነ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ አንቱ ማለቴን ግን አልተውኩም፤ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው። ክሱ በኋላ ምስክር አጥቶ ተዘጋ።

አባትየው ልጁን ያን ዕለት ወደ አገሩ ሊወስዳት ተነሣ። ትምህርቷስ ስለው፣ «ይበቃታል» አለኝ። ደብተሮቿና ልብሷ ዳባት ቀሩ። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና እስኪሞላ መንገድ ዳር አብሬያቸው ቆምኩ። ነፋሱ ይጋረፋል። አባቷ ከሹፌሩ ጋር ሲነጋገር ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

በሚካኤል ብዬ ልምልላት አፌን ከፈትኩ፤ የሚካኤልን ስም ግን እሷ ፊት መጥራት አልቻልኩም። «አላውቅም ነበር» አልኳት ብቻ።

ፊቴን ትንሽ አየችው። «እሺ ቲቸር» አለችኝ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቅር ለእግዜር ባለችበት ድምፅ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣች።