የማይቸኩለው ደንበኛ

ሰፈሩ ሰውየውን «ኢንተርኔት የሚቆርጠው እሱ ነው» እያለ ያማዋል። ሐሜት ግማሹን እንጂ ሙሉውን አታውቅም፤ ሰውየው ቆርጦ አያውቅም። የኢንተርኔት ኩባንያው ደመወዝ የሚከፍለው መስመሩን እንዲያዘገይ ነው። የራሱ ምሳ ሲዘገይ ምን እንደሚል ግን የሚያውቁት ሚስቱና ፈጣሪ ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ ሥራውን የሰማችው ከራሱ አፍ ነው፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ዕለት። ኩባንያው የራሱን የልብስ ገበያ በኢንተርኔት ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ያልረዘመ ሱሪ ይዞ ይመላለሳል። እርምጃው አይሰማም። ኮቱን በሙቀትም እስከ አንገቱ ይቆልፋል። በኪሱ ያለችው ስልክ ከመደወል በቀር ምንም አታውቅም።

ዛሬም በሱቋ በር ሥር ተቀምጧል። አንዲት ወጣት የሰፊዋን ቀሚሶች ልታይ በስልኳ የሰፊዋን የኢንተርኔት ገጽ ከፈተች፤ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞራለች፣ አሁንም ትዞራለች። ሰውየው ስልኳን ትቶ የልጅቷን ፊት ያያል፣ ሐኪም ያበቃለትን በሽተኛ እንደሚያይ።

«እትዬ፣ የእርስዎ እምቢ አለኝ። የኩባንያው ግን ወዲያው ተከፈተ» አለችና ከዚያው አዝዛ ወጣች።

የሰፊዋ እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ ወረደ። «ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት? ጉሮሮዬን እኮ ነው የዘጉት!»

«ብዘጋውማ ትጮኺ ነበር፣ ሰፈሩም አብሮሽ ይጮህ ነበር» አለ የሱሪውን ጠርዝ እየዳበሰ። «እስቲ አሁን ማን ጮኸ?»