የሚያነበው ማን ነው?

እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን እኔና ታላቅ እህቴ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። እሷ ትነዳለች። እኔ የኮሌጅ ማመልከቻዬን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀርታኛለች፤ የገንዘብ እርዳታ ትጠይቃለህ? አዎ ወይም አይ።

እህቴ መጀመሪያ «አዎ» ላይ ምልክት አስደረገችኝ። አስጠፋችኝ። ከዚያ «አይ» ላይ አስደረገችኝ። እሱንም አስጠፋችኝ። በእርሳስ ነበር። ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል።

«ስንት አላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊሰጥህ አይደለም የመጣው» አለች መንገድ ላይ።

ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። አዲስ አበባ ሳለን የቀበሌ ሰዎች መጥተው ስንት ክፍል እንዳለን ጠየቁ። አባታችን እውነቱን ተናገረ። የጓሮውን ክፍሎች ወሰዱብን። እኔ ሕፃን ነበርኩ። አልጋዋን ከዚያ ተሸክማ ያወጣችው እሷ ናት።

ሳን ሆዜ የሄድነው አባታችንን የሚያውቁ ሽማግሌ ቤት ነው። ልጃቸው ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገብታለች። እህቴ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እርዳታ መጠየቃችሁ ጎዳት ወይስ አልጎዳትም?»

«እኛ መች ጠየቅንና! ድሃ ነኝ ብሎ በር የሚያንኳኳ ማን ነው? ለዚህ እኮ ነው የገባችው።»

«ዳዲ፣ ኖ!» አለች ልጅቷ ከወጥ ቤት። እየሳቀች ወጣች። አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። የሷ ኮሌጅ ገንዘብ ሳያይ ነው የሚቀበለው፤ አንዳንዱ ግን መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ሲጠብ፣ ያያል ይባላል።

«ይባላል?» አለች እህቴ።

«አይ ዶንት ኖው።»

«አየህ? የገባችውም አታውቅም።»

 ስንመለስ፣ ፍሪሞንት የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ተናገረች።

«ነገ የትምህርት ቤት አማካሪህን ጠይቃት። ይጎዳል ወይ አትበላት፤ አይጎዳም ነው የምትልህ። ማርኩን የሚያነበውና ገንዘቡን የሚያነበው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? እንደዚህ በላት። ከዚያ ዓይኗን እያት።»

«እትዬ፣ አፍራለሁ።»

«እፈር። እያፈርክ ግባ። የኔን ጋሪ አንተ አትገፋም።»

ፍሩትቬል ሰፈር፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ የምግብ ጋሪ ነበር የምትገፋው።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አቁማ ወደ ሥራዋ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጫት። እኔን ከክፍል ጠሩኝ። አማካሪዋን ገና አልጠየቅኳትም ነበር። ሆስፒታል ስደርስ አርፋለች።

ማታ ቤቱ በሰው ሞላ። ጋሼም ከሳን ሆዜ መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሁንማ አዎ በል፣ ልጄ። ያዝኑልሃል።»

ይህንንም ጠረጠርኩት። እሷ በሕይወት ሳለች የሚጎዳ ነገር፣ እሷ ስትሞት እንዴት ይጠቅማል?

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ጋሼ በር ላይ ያዙኝ።

«ለቅሶ ቤት ትተህ ወዴት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ተልኬ ነው» አልኩ።

አማካሪዋ ስታየኝ ተነሳች። ሰምታለች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁና የእህቴን ጥያቄ እንዳለችው ጠየቅኳት። ሁለት ሰው ነው አለች። ዓይኗን አየሁ። በለቅሶ ቀልቷል። ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«ኮሌጁ ጋ ይደውሉልኝ» አልኳት።

ደወለች። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። አንድ ወንድ ነው። ቢሮው ሁለት ነው፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም አለ። ደግመው ይንገሩኝ አልኩት። ደገመው።

«እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«ገንዘቡን የማነበው።»

«ማርኬን አያዩም?»

«ከየት አምጥቼ?» አለ።

ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግን ሳያስብ ነበር የመለሰው። ከአማካሪዋ እስክሪብቶ ተቀበልኩ። በሳሳው ቦታ ላይ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ፣ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ።