እግሬን ለጎረቤቴ ያስረከብኩበት እሁድ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ሰበታ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ደግ ነገር ስለተደረገልኝ ይሁን ክፉ ቃል ስለተነገረኝ እስካሁን አልለየሁትም። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ሰው ነው።

በልጅነቴ ፖሊዮ ስለያዘኝ ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል። እግሬን ደግፎ የሚይዝ ብረት አደርጋለሁ። ከጫማው ሥር ደግሞ ቁመቴን የሚያስተካክል ወፍራም ብረት ተገጥሞለታል፤ መርገጫው ላይ ጎማ ተለጥፏል። ጎማው ካለ ደህና እራመዳለሁ። ከሌለ ብረቱ ሲሚንቶ ላይ ይጮኻል፣ እርጥብ ደረጃ ላይ ደግሞ ያንሸራትተኛል።

ከሆሳዕና ከተማ መጥቼ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ከሥሬ የሚኖሩት አቶ ጥላዬ ይባላሉ። ጋራዥ ያላቸው፣ ጠና ያሉ፣ ሰላምታ የማይመልሱ ሰው ናቸው። የፋብሪካው ሰርቪስ በማለዳ ስለሚያልፍ ገና ጎህ ሲቀድ ነው ከቤት የምወጣው።

ጎማው የተገነጠለ ሰሞን በሬ በቡጢ ተደበደበ። ስከፍት አቶ ጥላዬ ናቸው።

"አንቺ! ኦቦ ቶሎሳ በላያችን ላይ ያስቀመጡብን ሰው ነው ፈረስ?"

ኦቦ ቶሎሳ አከራያችን ናቸው።

"ጋሼ፣ የእግሬ ጎማ ተገንጥሎ ነው። አሠራዋለሁ።"

"አሠሪዋ ታዲያ! እኔ ነኝ የማሠራልሽ?"

በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እድሜዬን ሙሉ ስለ እግሬ ብዙ ተብያለሁ፤ ፈረስ ግን ተብዬ አላውቅም።

በዚያው ቀን አንድ ሱቅ ሄጄ ሱፐር ግሉ ገዛሁ። ባለሱቁ "ብረትም ይሁን ጎማ ነክሶ ነው የሚይዘው" አለኝ። እውነትም ወዲያው ያዘ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ ሰርቪስ ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሳ ቀጭ አለና ጎማው አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሙጫው እንደ ብስኩት ተሰባብሮ ነበር።

ቀጥሎ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። በማስቲሽ ለጠፈልኝ። እሱ ሰነበተ። አቶ ጥላዬም ዝም አሉ። ከዚያ ያ የማያባራ ዝናብ መጣ።

አንድ ጠዋት ደረጃውን ስወርድ ጎማው ከሥሬ ሸሸ። በቂጤ እየተንሸራተትኩ እታች ድረስ ወረድኩ። የምሳ ዕቃዬ ተከፍቶ ሽሮዬ በአቶ ጥላዬ በር ላይ ፈሰሰ። በሩ ተከፈተ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመው አዩኝ። እጃቸውን ይዘረጉልኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብለው ጎማውን አነሱ። አገላብጠው አዩት።

"በማስቲሽ ነው? ዝገትና ቀለም ላይ? የለጠፈውም ያስለጠፈውም ደደብ!"

ጎማውን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉት። መሬት ላይ ትተውኝ። የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ራሴ ተነሳሁ።

በዚያው ሳምንት ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሊናገሩ የመጡት ነገር እንዳሳፈራቸው ያስታውቃል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው በየቀኑ እየደወለ አስቸገረኝ። ወይ ድምፁን አጥፊው፣ ወይ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ብታዪ ይሻላል" አሉኝ።

በዚያ ክረምት ቤት ፍለጋ ዳገት ቁልቁለቱን በባዶ ብረት መውጣት መውረድ ታሰበኝ።

እሁድ ለቸርች ለብሼ ስጨርስ በሬ እንደገና ተደበደበ። አቶ ጥላዬ የሥራ ቱታቸውን ለብሰዋል።

"አውልቂው" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ብረቱን ነዋ! ጋራዥ ልወስደው ነው።"

"አልሰጥም። ደግሞ ማን ለመነዎት?"

"ለአንቺ ብዬ መሰለሽ? እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ካልሰጠሽ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት አስወጣሻለሁ።"

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እያዩኝ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። ወንድ ፊት እግሬን ሳወልቅ የመጀመሪያዬ ነው። ተቀብለው በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አላልቅ አለኝ። መጸዳጃ ቤቱ እታች ግቢ ውስጥ ነው። ውሃ እንኳ ፈርቼ አልጠጣሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባይመልሱልኝስ? አንድ ቦታ ቢጥሉትስ? እኔን ለማስወጣት ከዚህ የተሻለ መንገድ የላቸውም። ለጠላቴ በገዛ እጄ እግሬን አስረከብኩ እያልኩ ራሴን ረገምኩ። እሳቸውንም ረገምኩ።

አመሻሹ ላይ መጡ። ብረቱን በሩ ላይ አቆሙት። መርገጫው በአዲስ ወፍራም ጎማ ተሸፍኗል።

"እስከ ነገ ማታ አትርገጪበት። ሙጫው እንዲይዝ ሞርሳ አጥብቆት ነው የዋለው፤ አሁን ነው ያወረድኩት።"

"ነገ እኮ ሥራ አለኝ!"

"ቅሪ።"

ሊሄዱ ዞረው መለስ አሉ። ራሳቸውን መግታት ያቃታቸው ይመስላሉ።

"ጎማው ላይ የሱፐር ግሉ ቅሪት አይቻለሁ፤ እሱ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ስለዚህ ይሰበራል። ማስቲሽሽ ደግሞ የያዘው ቀለሙን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም። ቀለሙ ሲላጥ አብሮ ሄደ። እኔ ብረቱ እስኪያበራ ሞርጄ፣ በቤንዚን ጠርጌ፣ መጀመሪያ ለብረት የሚቀባውን ቀባሁት። ከዚያ የመኪና ሞተር የሚቀመጥበትን ጎማ ከብረቱ ጋር የምናያይዝበትን ሙጫ ሁለቱም ላይ። ሞተር የተሸከመ አንቺን አያቅተውም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አልኩ ሳልወድ በግዴ።

"ምስጋናሽን ምን ላደርገው? ዝም ብለሽ ውረጂ፣ ዝም ብለሽ ውጪ።"

ሰኞን ከሥራ ቀረሁ፤ የአለቃዬንም ቁጣ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ክረምት ሙሉውን ዘነበ፣ እኔን ግን አንድም ቀን አላንሸራተተኝም። ጎማው ዛሬም ንቅንቅ አላለም። አቶ ጥላዬ አሁን ደግሞ ወንበር ትጎትታለች እያሉ ለኦቦ ቶሎሳ ይደውላሉ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ እሳቸው ወደ ግድግዳ፣ እኔ ወደ ሰማይ እናያለን።

በቅርቡ ፋብሪካው ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ብረቴን አይታ "ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራልሽ?" አለችኝ።

"ጎረቤቴ" አልኳት።

"ታድለሽ! እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል? እድሜ ይስጣቸው!"

አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። እድሜ አይስጣቸው አልል ነገር፣ ቆሜ የምሄደው በእሳቸው ሙጫ ነው። ቀና ብዬም አላየኋት፤ በግማሽ አፌ አሜን አልኩ።