ኦቦ ደበላ እና ቀድሞ የተገዛው በሬ

ጠዋት ተደውሎ "ኦቦ ደበላ አረፉ" ሲሉኝ "የትኛው ደበላ?" ብዬ ጠየቅኩ። አምቦ ውስጥ ሌላ ኦቦ ደበላ የማውቅ ይመስል። እስካሁንም አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ወፍረሃል፤ ተከላካይ ነበርኩ ብለህ ለሰው እንዳትናገር" ብለውኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ የከተማችን ቡድን አሰልጣኝ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔን ጨምሮ ስንቱን ልጅ ከመንገድ ሰብስበው ተጫዋች አድርገዋል። ሦስት ለዜሮ እየመራን እንኳ በእረፍት ሰዓት "ኢጆሌ፣ ገና ነው" ይሉናል። ልጆቼ፣ ገና ነው ማለታቸው ነው። ሌላ ምክር አልነበራቸውም።

ከዚያ ፌስቡክ ስከፍት የያኔው የቡድናችን ኮሚቴ በሙሉ እያለቀሰ ነው። "አባታችን"፣ "የእግር ኳሳችን ባለውለታ"። ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

የለጠፉትን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩት። በግራ ትከሻቸው በኩል ሹል ነገር ብቅ ብሏል። ቀንድ ነው። በሬውን ከፎቶው ሲቆርጡት ቀንዱን ረስተውታል። ቡድን ሲመሩም እንዲሁ ነበሩ።

ሊጉ በሁለት ምድብ የተከፈለበት ዓመት ነው። የየምድቡ አንደኛ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል ተባለ። የተከፈለው ጉዞ እንዲቀንስ ነበር። የእኛ ቀነሰ፤ የኮሚቴው ግን ጨመረ፤ የሌላኛውን ምድብ ጨዋታ "ለጥናት" እያሉ ይሄዱ ነበር። ምን እንዳጠኑ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ምድባችንን እየመራን የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረስን፤ ያውም በሜዳችን። አቻ ከወጣን አደግን። ተጋጣሚያችንም ላለመውረድ አንድ ነጥብ ይበቃው ነበር። ኮሚቴው ከደንዲ በሬ ገዝቶ ሜዳው አጥር ላይ አሰረ። "ላም አለኝ በሰማይ" ሲባል ሰምተን ነበር፤ እነዚህ ደግሞ በሬውን ምድር ላይ አሰሩት። ኦቦ ደበላን ጎትተው ከበሬው ፊት አቁመው ፎቶ አነሷቸው። እሳቸው በሬውን ከላይ እስከ ታች አዩትና "ገና ነው" አሉ።

መልበሻ ክፍል ስንገባ የኮሚቴው ሊቀመንበር ተከትሎን መጣ።

"ኦቦ ደበላ፣ ልጆቹ አይድከሙ። አቻ እንወጣለን። ከእነሱ ጋር ተግባብተናል።"

"ከእኔ ጋርስ?"

"ለከተማው ብለን ነው እኮ።"

"ከተማውማ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ኳስ ሊያይ ነው የመጣው።"

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "ኢጆሌ፣ ለማሸነፍ ነው የምንገባው። ያልፈለገ ማሊያውን ያውልቅ" አሉ። ማንም አላወለቀም።

ለማሸነፍ ተጫወትን፤ ተሸነፍን። ለማዕዘን ምት ሁላችንም ወደፊት ሄደን በመልሶ ማጥቃት ገባብን። ሁለተኛ የነበረው ቡድን በእኛ ቦታ አደገ። ያን ቀን ከተማው ኦቦ ደበላን ሰደባቸው፤ እኛም ቁጭ ብለን አለቀስን።

በሬውስ? ተበላ። ብንሸነፍም ኮሚቴው ቁርጡ አልቀረበትም። በማግስቱ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ኦቦ ደበላን አባረሩ። ከዚያ ወዲህ ሲያገኟቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር። ዛሬ አባት ሆኑላቸው።

ጭራሽ ለነገው ቀብር የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ላኩ። "በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀቁ" ይላል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አስነብበው ሰሙና ወረቀቱን ላመጣው ሰው መለሱለት። "አብረውት የነበሩት ልጆች ያንብቡ" አሉና ንባቡን ለእኔ ሰጡኝ።

ስለዚህ ነገ ጊንጪ፣ የትውልድ ቦታቸው ላይ የማነበው እኔ ነኝ። ኮሚቴዎች፣ ኑ። ቀብር አይከለከልም። ስምምነታችሁንም በሬውንም ሳልዘል አነባለሁ። መቼም ከፊት መቆም ትወዳላችሁ፤ ከፊት ቆማችሁ ስሙት።

ኦቦ ደበላ፣ ያን ቀን ተሸንፈን ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዳችንን ራስ እየዳሰሱ አሳለፉን። ማንንም አልተቆጡም። ዛሬ ግቢዎ ስደርስ ድንኳን እየተተከለ ነበር፤ እንደ ልማዴ ዓይኔ እርስዎን ፈለገ። ናፍቀውኛል፣ ገና ከአሁኑ።

ይረፉ እንግዲህ። እርስዎ ጨዋታዎን በንጽህና ጨርሰዋል። የእኛ ግን ገና ነው።